የሚንቀራፈፍ ስኬች፦ በካድ ሶፍትዌር ሥዕል ለምን ይከብዳል፣ እንዴትስ ይቀላል

በፓራሜትሪክ ካድ ሶፍትዌር የሚነደፍ የማሽን አካል፣ ቀላል የብረት ሳህንም ይሁን ውስብስብ የፓምፕ ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ከሚሣል ሥዕል ነው። ስኬች ይሉታል። ስኬቹ ውፍረት ሲሰጠው ወይም በአንድ ዘንግ ዙሪያ ሲሽከረከር ጠጣር አካል ይወጣዋል። በወረቀት ላይ ከሚሠመር ሥዕል የሚለየው መስመሮቹ ትእዛዝ የተሸከሙ በመሆናቸው ነው፤ «ይህ ጎን 80 ሚሊ ሜትር ይሁን»፣ «እነዚህ ሁለት መስመሮች ትይዩ ይሁኑ»፣ «ይህ ቅስት ያንን መስመር ዳሶ ይለፍ» የሚሉ ትእዛዞች። እነዚህ ገደቦች ይባላሉ። አንድ ልኬት ሲቀየር የቀረው ሥዕል ገደቦቹን ሳያፈርስ ራሱን ያስተካክላል። የፓራሜትሪክ ዲዛይን ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ስኬቹ ትንሽ ሳለ ይህ ሁሉ በቅጽበት ያልቃል። እየበዛ ሲሄድ ግን በማውስ የተጎተተ ነጥብ ከእጅ ወደኋላ ይቀራል፤ አንድ ልኬት ተጽፎ «እሺ» ሲባል ስክሪኑ ለሰከንዶች ይደርቃል፤ አንዳንዴም ፕሮግራሙ ጭራሽ ይዘጋል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኮምፒውተሩን ነው፤ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት የሚያስብም አለ። ችግሩ ግን በአብዛኛው ያለው በስኬቹ አሠራር ውስጥ ስለሆነ ያለ ምንም ወጪ ሊስተካከል ይችላል። እንዴት እንደሚስተካከል ለመረዳት ሶፍትዌሩ ውስጥ ውስጡን የሚሠራውን ስሌት ማየት ያስፈልጋል።

መስመርን በገደብ የማሰር ሐሳብ ከካድ ሶፍትዌር ገበያ በፊት የነበረ ነው። አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማሟያ ባቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም፣ ተጠቃሚው በብርሃን እስክሪብቶ ስክሪን ላይ መስመር ሠምሮ ከሌላው ጋር ትይዩ ወይም ቀጤ ነክ እንዲሆን ማዘዝ ይችል ነበር። ሐሳቡ ከኢንዱስትሪው የዕለት ሥራ ጋር የተዋሐደው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ፕሮ/ኢንጂነር ሲወጣ ነው። በ1995 ሶሊድወርክስ ተከተለ። ዛሬ ከንግድ ሶፍትዌሮቹ ጎን ለጎን ማንም በነጻ አውርዶ የሚጠቀምበት ፍሪካድ አለ፤ ቁጥር 1.0 የተሰጠው እትም የወጣው በኅዳር ወር 2024 ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ገደቦቹን ወደ ስሌት ቀይሮ የሚፈታ፣ ሶልቨር የሚባል ክፍል አለ። አንዳንድ ኩባንያዎች ይህን ክፍል ራሳቸው አይጽፉትም፤ ሶሊድወርክስና ኦንሼፕ በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የተመሠረተው፣ ዛሬ የሲመንስ ንብረት የሆነው ዲ-ኪዩብድ ያዘጋጀውን ሶልቨር ይጠቀማሉ። ፍሪካድ የራሱ አለው።

ሶልቨሩ መስመርን የሚያየው እንደ ቁጥር ነው። አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሁለት ጫፍ አለው፤ እያንዳንዱ ጫፍ የአግድምና የቁመት አድራሻ ስለሚያስፈልገው መስመሩ አራት ያልታወቁ ቁጥሮች ማለት ነው። ክብ ሦስት ነው፦ ሁለቱ ለመሃሉ፣ አንዱ ለሬዲየሱ። ቅስት መነሻና መድረሻው ስለሚታከሉበት አምስት ይሆናል። እንግዲህ አንድ ሬክታንግል ሲሣል አራቱ ጎኖች 16 ያልታወቁ ቁጥሮች ይዘው ይመጣሉ። አራቱ ማዕዘኖች ላይ ጫፍ ከጫፍ ሲጋጠም በእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት፣ በድምሩ 8 ኢኩዌሽኖች ይገኛሉ። ሁለቱ ጎኖች አግድም፣ ሁለቱ ደግሞ ሽቅብ ይሁኑ ሲባል 4 ይጨመራሉ። የሚቀሩት አራት ናቸው፤ የሬክታንግሉ ወርድ፣ ቁመቱ፣ እንዲሁም በገጹ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስኑ ሁለት ቁጥሮች። ዲዛይነሩ ሁለቱን ልኬቶች ጽፎ አንዱን ማዕዘን ከመነሻው ነጥብ ጋር ሲያጋጥም 16ቱ ቁጥሮች በ16 ኢኩዌሽኖች ይታሰራሉ፤ ስኬቹም ሙሉ በሙሉ የታሰረ ይባላል። ይህን ሶሊድወርክስ መስመሮቹን ከሰማያዊ ወደ ጥቁር በመቀየር፣ ፍሪካድ ደግሞ አረንጓዴ በማድረግ ያሳውቃል።

አግድምና ሽቅብ የሚሉት ገደቦች ቀላል ናቸው፤ ሁለት ቁጥሮች እኩል ይሁኑ ከማለት ስለማያልፉ ሶልቨሩ ሁለቱን በአንድ ተክቶ ሊያልፋቸው ይችላል። ርቀት፣ ማዕዘንና ዳሶ ማለፍን የሚያዘው ታንጀንት ግን ካሬና ሥር፣ ሳይንና ኮሳይን ያስገባሉ። እንዲህ ያለውን የኢኩዌሽን ስብስብ ባንድ ጊዜ በቀጥታ መፍታት ስለሚያስቸግር ሶልቨሩ አሁን ስክሪኑ ላይ ካለው ሥዕል ተነሥቶ ይገምታል፤ ስሕተቱን ይለካል፤ ወደ መፍትሔው አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ እንደገና ይለካል። ፍሪካድ በመደበኛነት የሚጠቀምበት ዶግሌግ የተባለው ዘዴ በእንዲህ ያለ ድግግሞሽ የሚሠራ ነው። አንድ ነጥብ በማውስ ሲጎተት ደግሞ ማውሱ ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ይደገማል። በሰከንድ ብዙ ጊዜ ማለት ነው።

በእያንዳንዱ እርምጃ የሚፈታው ማትሪክስ ነው፤ ያልታወቁት ቁጥሮች ዓምዶቹ፣ ኢኩዌሽኖቹ ረድፎቹ ይሆናሉ። የመንቀራፈፉ ዋና ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ማትሪክሱ በጥቅሉ ሲፈታ ሥራው የሚያድገው ባልታወቁት ቁጥሮች ብዛት ልክ ሳይሆን በብዛታቸው ኩብ ነው፤ ቁጥሮቹ እጥፍ ሲሆኑ ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ ዐሥር እጥፍ ሲሆኑ ሺህ እጥፍ። ጥሩ ሶልቨሮች ማትሪክሱ ውስጥ ያሉትን ብዙ ዜሮዎች በመዝለል፣ ስኬቹንም እርስ በርስ በማይነካኩ ክፍሎች ከፋፍሎ በመፍታት ሸክሙን ይቀንሱታል። ይሁንና ስኬቹ ሁሉም ነገር ከሁሉም ጋር የተጠላለፈበት ከሆነ የሚከፋፈል ነገር አያገኙም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለችግር ሲሠራበት የቆየ ስኬች ጥቂት ክቦች ሲጨመሩበት ድንገት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን በጉልህ የሚያሳየው ቀዳዳ የበዛበት ሳህን ነው፤ ለወንፊት፣ ለአየር ማስተላለፊያ ወይም ለድምፅ ማጉያ ሽፋን የሚሠራ ዓይነት። ሳህኑ በ20 ረድፍ በእያንዳንዱ 10 ቀዳዳ ቢኖረው 200 ክቦች ይሆናሉ። ሁሉም በአንድ ስኬች ውስጥ ከተሣሉ 600 ያልታወቁ ቁጥሮች አሉ፤ ማትሪክሱም 600 በ600፣ ማለትም 360,000 ሕዋሶች ይኖሩታል። ቀዳዳዎቹ 400 ሲሆኑ ሕዋሶቹ 1,440,000 ይደርሳሉ። በዚያ ላይ ዲዛይነሩ የክቦቹን ሬዲየስ አንዱን ከሌላው ጋር እኩል ብሎ አስሮ፣ የእያንዳንዱን ቦታ ደግሞ ከጎረቤቱ ቀዳዳ ለክቶ ከሆነ ስኬቹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰንሰለት ሆኗል፤ ከጫፍ ያለው ክብ ሲነካ 199ኙ አብረው ይሰላሉ።

መፍትሔው ስኬቹ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ብቻ መሣል፣ ያንን ወደ ጠጣሩ አካል ቆርጦ ማስገባት፣ ከዚያም ቀዳዳውን በሦስት አቅጣጫው ሞዴል ላይ ፓተርን በሚባለው ትእዛዝ ማባዛት ነው። ሶልቨሩ የሚፈታው ሦስት ቁጥር ብቻ ይሆናል። የቀዳዳዎቹ ብዛትና ርቀት በፓተርኑ ውስጥ ጥቂት ቁጥሮች ሆነው ስለሚቀመጡ በኋላ መቀየሩም ይቀላል። እርግጥ 200 ቀዳዳ ያለው ፓተርንም የራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ጠጣር አካልን ከጠጣር አካል መቀነስ ከባድ ስሌት ነው። ልዩነቱ ያ ስሌት የሚካሄደው ሞዴሉ ሲታደስ አንድ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ስኬቹ ውስጥ ያለው ሸክም ግን ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይከፈላል።

ያው አካሄድ ለተጠጋጉ ማዕዘኖችም ይሠራል። ቀደም ሲል የታየው ሬክታንግል አራቱም ማዕዘኖቹ ስኬቹ ውስጥ ፊሌት ቢደረጉ አራት ቅስቶች ስለሚጨመሩ 16 የነበሩት ያልታወቁ ቁጥሮች 36 ይሆናሉ፤ በእያንዳንዱ ቅስት ሁለት ጫፍ ላይም ታንጀንት የሚባለው አስቸጋሪ ገደብ ይገባል። ማዕዘኖቹን ሹል አድርጎ ትቶ ማጠጋጋቱን ከጠጣሩ አካል ላይ መሥራት ይሻላል። ግራና ቀኙ አንድ የሆነ ቅርጽም እንዲሁ ነው፤ ግማሹን ሥሎ ሌላውን ግማሽ በሦስት አቅጣጫው ማንጸባረቅ፣ በስኬቹ ውስጥ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሲሜትሪ ገደብ ከማብዛት ያድናል። ፊሌቱ ራሱ የቅርጹ ዋና ሐሳብ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ካም ወይም የሰንሰለት ጥርስ ሲነደፍ። ያን ጊዜ ስኬቹ ውስጥ መግባቱ ተገቢ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ሥዕል ሌላው የችግር ምንጭ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የከፋው። አንድ ሰው የላሊበላን መስቀል ጥልፍልፍ ከፎቶግራፍ ላይ በኮምፒውተር አስነብቦ፣ ኤስቪጂ ወይም ዲኤክስኤፍ ፋይል አድርጎ፣ በር ላይ ለማስቀረጽ ወደ ካድ ያስገባል እንበል። ዓይን አንድ ለስላሳ ኩርባ የሚያየውን ፋይሉ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀጥታ መስመሮች አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። 5,000 ቁራጭ መስመሮች ከገቡ 20,000 ያልታወቁ ቁጥሮች መጡ ማለት ነው። አንዳንዶቹ መስመሮች ከሌላው በላይ ተደርበው ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ ጫፋቸው በዓይን የማይታይ ክፍተት ስላለው አይጋጠሙም። እንዲህ ያለውን ሥዕል ገደብ በገደብ ለማሰር መሞከር ከንቱ ድካም ነው። አስቀድሞ እንደ ኢንክስኬፕ ባለ የሥዕል ፕሮግራም መስመሩን ማቅለልና ድርቡን ማጥፋት፣ ከዚያም ቅርጹን ወደ ስኬች ሳይቀይሩ እንዳለ ውፍረት መስጠት ይቻላል፤ ፍሪካድ ይህን ይፈቅዳል። ሥራው በሌዘር ወይም በፕላዝማ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ መቁረጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ በካድ በኩል ማለፉ ራሱ አስፈላጊ ላይሆን ይችላል።

ከቀያሽ የሚመጣ የቦታ ፕላን የተለየ ጣጣ አለው። ዩቲኤም በሚባለው የካርታ አድራሻ ሥርዓት የተሠራ የአዲስ አበባ ፕላን ከምድር ወገብ የሚቆጠር ወደ 1,000,000 ሜትር የሚጠጋ የሰሜን አድራሻ ይይዛል። ሶፍትዌሩ በሚሊ ሜትር ሲያስበው አንድ ቢሊዮን ገደማ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ግዙፍ ቁጥር ላይ የኮምፒውተሩ አሃዞች ለጥቃቅኑ ልዩነት አይተርፉም፤ ሶልቨሩ የሚፈልገውን ትክክለኛነት ስለማያገኝ ሙከራውን ይደጋግማል ወይም «አልተቻለም» ብሎ ያቆማል፤ ስክሪኑ ላይም መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ፕላኑን ከማንኛውም ሥራ በፊት ወደ መነሻው ነጥብ ማንቀሳቀስና የተነሣበትን አድራሻ ለብቻ መዝግቦ ማቆየት ችግሩን ከሥሩ ያስወግደዋል።

ስኬቹ ትንሽ ሆኖም የሚንቀራፈፍበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ መፈተሽ ያለባቸው ገደቦቹ ናቸው። አግድምና ሽቅብ ተብሎ የታሰረው ሬክታንግል ላይ በተጨማሪ «ይህ ማዕዘን ቀጤ ነክ ይሁን» ቢባል አዲሱ ገደብ የሚያመጣው አዲስ ነገር የለም። ይህ ተደጋጋሚ ገደብ ነው። ሶልቨሩ የትኛው ኢኩዌሽን ከሌላው እንደሚወለድ ለመለየት ተጨማሪ ስሌት ያካሂዳል፤ ቁጥሮቹ በትንሹ እንኳ ካልተስማሙ ደግሞ ግጭት ይሆንና መፍትሔ ይጠፋል። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ተደጋጋሚውን ገደብ ለይተው ያሳያሉ፤ ያንን መልእክት ችላ ብሎ መሥራትን መቀጠል ነገ ሰዓታት ያስከፍላል።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ገደብ ያነሰው ስኬች። ነጻ የሆኑ ነጥቦች ሲበዙ ሶልቨሩ ከብዙ መፍትሔዎች አንዱን መምረጥ ይኖርበታል፤ አንድ ልኬት ሲቀየር ቅርጹ ተገልብጦ ወይም ተጣሞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉ በሙሉ የታሰረ ስኬች ተከፍቶ ሲታደስ መነሻው ግምት ራሱ መፍትሔው ስለሆነ ሶልቨሩ ወዲያው ይጨርሳል። ስለዚህ ሁሉንም ሥሎ መጨረሻ ላይ ለማሰር ከመታገል፣ ጥቂት ሥሎ ማሰር፣ ጥቂት ጨምሮ ማሰር ይመረጣል። መጀመሪያ የሚሠመረው መስመርም ከእውነተኛው መጠን ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው፤ 1,000 ሚሊ ሜትር ሊሆን የታሰበን ጎን 10 ሚሊ ሜትር አድርጎ ሥሎ በኋላ ልኬቱን መጻፍ ሶልቨሩን ከሩቅ ያስነሣዋል።

ልኬት ከየት እንደሚለካም ለውጥ ያመጣል። እያንዳንዱን ቀዳዳ ከመነሻው ነጥብ መለካት ቀዳዳዎቹን እርስ በርስ ሳያያይዝ ስለሚተዋቸው ሶልቨሩ ለየብቻ ሊፈታቸው ይችላል፤ ከጎረቤት ጎረቤት የሚለካ ሰንሰለት ግን አንድ ላይ ያስራቸዋል። በእርግጥ የክፍሉ አገልግሎት በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት በቀጥታ መቆጣጠር የሚጠይቅ ከሆነ የዲዛይኑ ሐሳብ ይቅደም፤ ፍጥነት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ያለቀለትንና የማይነካውን የሥዕሉን ክፍል ማገድም ይቻላል። በሶሊድወርክስ ብዙ መስመሮችን ብሎክ አድርጎ እንደ አንድ ግትር ነገር ማንቀሳቀስ፣ በፍሪካድ ደግሞ አንድን ቅርጽ ባለበት የሚያቆም የብሎክ ገደብ መጠቀም ያልታወቁትን ቁጥሮች ብዛት ይቀንሳል።

ሁልጊዜም ጥፋቱ የሶልቨሩ አይደለም። ስኬቹ ከሌላ አካል ጠርዝ ላይ የተቀዱ መስመሮች ካሉበት፣ ያ አካል በተቀየረ ቁጥር መስመሮቹ እንደገና መቀዳት አለባቸው። ከአንድ ፊት ላይ ጠርዞቹን በሙሉ ከመቅዳት የሚያስፈልጉትን ሁለት ሦስቱን ብቻ መውሰድ ይበቃል። በሞዴሉ የሥራ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ላይ ያለ ስኬች ሲታረም ደግሞ ከእርሱ በኋላ የተሠራው ሁሉ ይታደሳል። ፊሌቱ፣ ፓተርኑ፣ ቁርጡ ሁሉ እንደገና ይሰላል። ዲዛይነሩ ስኬቹ የዘገየ ይመስለዋል፤ የዘገየው ግን ከኋላ ያለው ሰልፍ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፤ ስኬቹ ተከፍቶ ሲጎተት ቶሎ ከታዘዘ፣ ሲዘጋ ግን ከዘገየ፣ ጊዜ የሚወስደው የሞዴሉ መታደስ ነው። ያን ጊዜ ከባዶቹን የኋላ ሥራዎች ለጊዜው አጥፍቶ መሥራት ይቻላል። በፍሪካድ የስኬች መስኮት ውስጥ ሞዴሉን በየለውጡ የሚያድሰው ምርጫ በርቶ ከሆነም ማጥፋት ይገባል።

የማሳያው ድርሻም አይናቅም። ፊዩዥን የተባለው የካድ ሶፍትዌር ስኬች ውስጥ የተዘጋ ቅርጽ ባገኘ ቁጥር ውስጡን ቀለም ቀብቶ ያሳያል፤ እርስ በርስ በሚቆራረጡ መቶ መስመሮች መካከል የተዘጉትን ቦታዎች ሁሉ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ ነው። ይህን ማሳያ ማጥፋት በአንዲት ምልክት የሚያልቅ ነገር ሆኖ ሳለ በትልልቅ ስኬቾች ላይ ጉልህ ለውጥ ያመጣል። በሶሊድወርክስም ስኬቹ በየንክኪው እንዳይፈታ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ብዙ ለውጥ አድርጎ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ማስፈታት ይቻላል። ስኬች ውስጥ የተጻፈ ጽሑፍም እያንዳንዱ ፊደል በኩርባዎች የተሠራ ስለሆነ ለብቻው፣ በሌላ ስኬች፣ በሥራው መጨረሻ ላይ ቢገባ ይመረጣል።

ኮምፒውተር መግዛት ግድ ከሆነ የሚታየው ምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል። የገደብ ስሌት አንዱ እርምጃ የቀደመውን ውጤት ስለሚጠብቅ በአብዛኛው የሚሠራው በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ነው። 16 ኮር ያለው ግን እያንዳንዱ ኮሩ ቀርፋፋ የሆነ ፕሮሰሰር፣ ጥቂት ግን ፈጣን ኮሮች ካሉት አይበልጥም። ግራፊክስ ካርድ ትልልቅ ሞዴሎችን ስክሪን ላይ ለማዞር ይረዳል እንጂ ሶልቨሩን አያፈጥነውም። ሜሞሪም ሲያልቅ ነው ችግር የሚሆነው፤ ከበቂ በላይ መጨመሩ ስኬቹን አያቀልለውም። በዚህ ላይ ሥራው በኩብ የሚያድግ መሆኑ ሲታሰብ፣ ሁለት እጥፍ የፈጠነ ኮምፒውተር ያው ሶልቨር በዚያው ጊዜ እንዲጨርስ የሚፈቅድለት የሥዕል ጭማሪ ከሩብ እምብዛም አያልፍም።

ሌላ ሰው ሠርቶ ያስረከበው ከባድ ፋይል ሲገኝ ምክንያቱን በግምት ከመፈለግ በሥርዓት ማጥበብ ይሻላል። ፋይሉ ይገለበጣል፤ በቅጂው ላይ የስኬቹ ግማሽ ይሰረዛል፤ ቀሪው ይጎተታል። ቶሎ ከታዘዘ ጥፋቱ በተሰረዘው ግማሽ ውስጥ ነው፤ ካልታዘዘ በቀረው። እንዲህ እየተከፈለ ሲሄድ ብዙ ሳይቆይ ተጠያቂው ይገኛል፤ አንድ ላይ የተደራረበ መስመር፣ የተበጣጠሰ ኩርባ ወይም ማንም ያላስተዋለው የሲሜትሪ ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። ፍሪካድ ያልተጋጠሙ ጫፎችን የሚፈልግ፣ ሶሊድወርክስ ደግሞ ጥቃቅን ክፍተቶችንና ድርቦችን የሚጠግን መሣሪያ አላቸው፤ ከመሰረዝ በፊት እነዚህን መሞከር ይቻላል። ስኬቹ እጅግ የተወሳሰበ ከሆነ ግን ዋናውን ዙሪያ በአንድ ስኬች፣ ቀዳዳዎቹን በሌላ፣ ጌጡን በሦስተኛ አድርጎ እንደ አዲስ መሣሉ ብዙ ጊዜ ከጥገናው ይቀድማል፤ አሮጌው ስኬች ተደብቆ እንደ መለኪያ ከሥር ይቀመጣል፣ አዲሱ ሲያልቅም ይወገዳል።